የተጠቃሚው አደራ ለሽያጭ አይቀርብም

አንድ ጸሐፊ በቅርቡ ባሳተሙት ሐተታ፣ በነጻ የታደለን የብራውዘር ኤክስቴንሽን ሠሪው በደከመው ጊዜ ከነተጠቃሚዎቹ ለፈለገው ገዢ ቢያስተላልፈው፣ ወይም ሰዎች የሚጎበኙትን ድረ ገጽ እየመዘገበ ቢሸጥ፣ ዋጋ ያልከፈለ ሰው ቅሬታ ሊያሰማ አይገባውም ሲሉ ፈርደዋል። ደካሚ የድካሙን ዋጋ ያገኝ ዘንድ መሻታቸውን ከልብ እጋራለሁ፤ ፍርዳቸውን ግን ፈጽሜ አልቀበልም።

ኤክስቴንሽን፣ ማለትም በብራውዘር ላይ የሚታከል ትንሽ ፕሮግራም፣ ተጠቃሚው አንድ ጊዜ ፈቃዱን ከሰጠው በኋላ፣ የሚከፈተውን ገጽ ሁሉ ለማንበብና ለመለወጥ ሥልጣን ሊኖረው የሚችል፣ ራሱንም ያለ ጥያቄ የሚያድስ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ሲለወጥ ያ ሥልጣን ባለፈቃዱ ሳይማከር ወደማያውቀው እጅ ይሻገራል። «ዘ ግሬት ሰስፔንደር» የተባለው፣ ክሮም የተባለውን የጎግል ብራውዘር ሸክም ያቀልል የነበረው ኤክስቴንሽን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ማንነቱ ላልተገለጠ ገዢ ተሸጦ፣ በ2021 መጀመሪያ ጎግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ ከክሮም የኤክስቴንሽን መደብር ማስወገዱን ጸሐፊው እንዴት ዘነጉት? የጸረ ቫይረስ ሶፍትዌር ኩባንያው የአቫስት ነገርማ የባሰ ነው፤ ከክትትል እጠብቃችኋለሁ እያለ፣ በኤክስቴንሽኖቹ ጭምር የሰበሰበውን የሰዎች ምስጢር በመሸጡ፣ በ2024 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል።

ጎግል በ2021 የመደብሩን የክፍያ ሥርዓት በመዝጋቱ የሠሪዎች መንገድ እንደጠበበ አምናለሁ። ቢሆንም መሠረታዊውን አገልግሎት በነጻ ትቶ ለተጨማሪው ወርኃዊ ዋጋ መጠየቅ፣ ለድርጅቶች ፈቃድ መሸጥ፣ በግልጽም ልግስና መለመን ይቻላል። ጸሐፊውን በትሕትና የምማጸነው፣ ወጣት ፕሮግራመሮችን ሲመክሩ፣ ከሽያጭ አስቀድሞ ለተጠቃሚው ማስታወቅን የመጀመሪያ ግዴታ አድርገው እንዲያስተምሩ ነው።