«18 ነው» ማለት ደረሰኝ አይደለም

አንድ ወዳጄ «18 ካራት ነው» ተብሎ የገዛውን ቀለበት ቸግሮት ሊሸጥ ቢወስደው «ይሄማ 14 ነው» ተባለ። የገዛበት ቤት ካደ። ወረቀት አልነበረውም።

እንነጋገር። 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ፣ ቀሪው መዳብና ብር የመሳሰለ ነው፤ ማኅተሙ 750 ይላል። የ14ቱ 585 ነው። በ10 ግራም ቀለበት ላይ 1.65 ግራም ንጹህ ወርቅ ጠፋ ማለት ነው። ይህ ስህተት ሳይሆን ስርቆት ነው።

እንግሊዞች የብር ዕቃ ሳይፈተሽና ማኅተም ሳይመታበት ከሠሪው እጅ እንዳይወጣ የደነገጉት እ.ኤ.አ. በ1300 ነው። እኛ ዛሬም በቃል እንገዛለን።

«ደንበኛዬ ነው፣ አያታልለኝም» ትላላችሁ። ታዲያ የማያታልል ሰው ጽፎ መስጠት ምን ይከብደዋል? ካራቱ፣ ግራሙና የእጅ ዋጋው ተለይቶ ያልተጻፈበትን ደረሰኝ አትቀበሉ። ወርቅ ለብዙዎቻችን የክፉ ቀን ገንዘብ ነው።