«እረኛ ምን አለ?» የማይል ለጋሽ

የድሮ ነገሥታትና መኳንንት አገሩ እንዴት እንደሰነበተ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። ሹማምንቱ ፊት ለፊት የማይናገሩትን እረኛው ከከብቶቹ ኋላ ሆኖ ያዜመዋል። እረኛ ሹመት አይጠብቅም፤ ስለዚህ አይዋሽም።

ዛሬ በሀብታቸው ብዛት የድሮ ነገሥታትን የሚያስንቁ ፋውንዴሽኖች አሉ። ከሲያትል፣ ከካሊፎርኒያ፣ ከለንደን ተነሥተው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ድረስ «የሰው ኑሮ እንለውጣለን» ይላሉ። ታዲያ እነዚህ ባለጸጎች እረኛውን ይጠይቃሉ ወይ? የኔ መልስ አጭር ነው። መጠየቁንስ ይጠይቃሉ፤ የሚጠይቁት ግን እረኛውን ሳይሆን እልፍኝ አስከልካዩን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከባሕር ማዶ የተነሣ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ሰበታ አይደርስም። መጀመሪያ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ይቀበለዋል። እርሱ የራሱን ድርሻ ያነሣና አዲስ አበባ ላለ አገር በቀል ድርጅት ያስተላልፋል። የአዲስ አበባው ደግሞ በከተማዋ ላለ አንድ ትንሽ ማኅበር «የትግበራ አጋር» የሚል ስም ሰጥቶ ቁራሹን ያቀብለዋል። ሥራውን የሚሠራው፣ ቤት ለቤት የሚዞረው፣ ፕሮጀክቱ ሲከሽፍ በሰፈሩ ሰው ፊት የሚያፍረው ይኸው የመጨረሻው ነው። ገንዘቡ ሲወርድ በሦስት እጅ ያልፋል። ቅሬታ ግን ሲወጣ በመጀመሪያው እጅ ላይ ይቀራል።

ለቡራዩ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። የገፈርሳ ውሃ አፍንጫው ሥር ተጠራቅሞ በቧንቧ አዲስ አበባ ይገባል፤ እርሱ ግን ቢጫ ጀሪካኑን ደርድሮ ወረፋ ሲጠብቅ ኖሯል። ሪፖርትም እንደ ገፈርሳ ውሃ ነው። ከዚያው ይቀዳል፣ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ የተቀዳበት ሰፈር ግን አይጠጣውም።

በእነዚህ ከተሞች «የመስክ ጉብኝት» የሚባለውን ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ባነር ይሰቀላል፣ ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይበተናል፣ እንግዶቹ በሁለት መኪና ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ቡራዩ ውስጥ ለእናቶች የእንቁላል ዶሮ ያከፋፈለ ፕሮጀክት ሲጎበኝ ከጥግ ተቀምጬ ነበር። አንዲት እናት ተነሥተው «እግዜር ይስጥልን፤ ምንም የጎደለብን የለም» አሉ። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣ። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ቀረብ ብዬ «እማማ፣ ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።

«ይበላሉ» አሉኝ። «ከልጆቼ በላይ ይበላሉ። የመኖው ዋጋ ከእንቁላሉ በለጠብኝ።»

«ታዲያ ቅድም ለምን አልነገሯቸውም?»

«እንዴ ልጄ! የበላሁበትን ወጪት ልስበር?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ የማኅበሩ ሠራተኛም ነገሩን ማወቁ ነበር። የመኖ ገንዘብ በበጀቱ አልተያዘም፤ ከአንዱ የወጪ ርዕስ ወደ ሌላው ለማዛወር የአዲስ አበባውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ የአዲስ አበባው ደግሞ የበላዩን ማስከፋት አይፈልግም። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ «ዶሮዎቹ በዕቅዱ መሠረት መቶ በመቶ ተከፋፍለዋል» ተብሎ ተጻፈ። ውሸት አይደለም፤ ዶሮዎቹ በእርግጥ ተከፋፍለዋል። እውነቱ ግን ከዚያች እናት ቤት አልወጣም።

አንዳንድ ሰዎች ይህንን ሲሰሙ «ባህላችን ነው፤ ይሉኝታ ይዞን ነው» ይላሉ። እኔ አልቀበልም። ይሉኝታ ቢሆን ኖሮ እድራችንንም በያዘን ነበር። በዚያው ሰፈር፣ እኚያው እናት፣ በእድሩ ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዡን አፋጥጠው «የድንኳኑ ኪራይ የት ገባ?» ሲሉ ይሉኝታ የት ሄደ? ልዩነቱ ግልጽ ነው። በእድር ገንዘቡ የእርሳቸው ነው፣ ገንዘብ ያዡም ከወንበሩ ይነሣል። በፕሮጀክቱ ግን ገንዘቡ የሌላ ነው፣ ሰጪው አይነሣም፣ የተቆጣ ለታ የሚቀረው የሚቀጥለው ዓመት ውል ነው። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ! ሰዎቹ ዝም የሚሉት ስለሚፈሩ ብቻ ሳይሆን ሒሳብ ስለሚያውቁም ነው።

«ሰጪን መገምገም የማይሆን ነገር ነው» ለሚለኝ ግን መልስ አለኝ። ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ሴንተር ፎር ኢፌክቲቭ ፊላንትሮፒ የተባለ ተቋም ከ2003 ጀምሮ ይህንኑ ይሠራል። ፋውንዴሽኑ ራሱ አይጠይቅም፤ ይህ ሦስተኛ ወገን ገንዘብ ተቀባዮቹን ይጠይቃል። ማን ምን እንዳለ ለፋውንዴሽኑ አይነገርም። ውጤቱም ከሌሎች ፋውንዴሽኖች ውጤት ጎን ይቀመጣል፤ ስለዚህ «ሁሉም ያመሰግነናል» ብሎ መኩራራት አይቻልም። ምክንያቱም ተቀባይ ሁልጊዜ ያመሰግናል፤ ቁም ነገሩ ከሌላው ሰጪ ይልቅ አንተን ምን ያህል አመሰገነ ነው። እንደ ሂውሌትና ፓካርድ ያሉ ፋውንዴሽኖች ውጤታቸውን ለሕዝብ አውጥተዋል። ፓካርድ በአገራችን በሥነ ተዋልዶ ጤና ላይ ለዓመታት የሠራ ነው።

የጌትስ ፋውንዴሽንም ይህንን ሚዛን ወጥቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጄፍ ራይክስ ውጤቱን ይፋ አደረጉ፤ ፋውንዴሽኑ በብዙ መለኪያ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነጥብ አግኝቶ ነበር። ተቀባዮቹ «ዓላማችሁ ግልጽ አይደለም፣ የኛንም ዓላማ አትረዱልንም፣ ውሳኔያችሁ ያደናግረናል፣ ስንጠይቃችሁ ቶሎ አትመልሱም፣ ሠራተኞቻችሁም ቶሎ ቶሎ ይቀያየሩብናል» የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጡ። በዓለም ላይ ካሉት ባለብዙ ገንዘብ ለጋሾች አንዱ ይህንን ሰምቶ አልፈረሰም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ አዲስ አበባ ላይም ቢሮ ከፈተ።

እንግዲህ የኔ ክርክር እዚህ ላይ ይጀምራል። ይህ ጥሩ መሣሪያ የሚጠይቀው ገንዘቡን በቀጥታ የተቀበለውን ነው፤ ማለትም የመጀመሪያውን እጅ። ሁለተኛውና ሦስተኛው እጅ በመዝገቡ ላይ የሉም። የሰበታው ማኅበር መጠይቅ ቢደርሰው እንኳ ከላዩ ያለው ድርጅት ያዘጋጀው፣ ለዚያው ድርጅት የሚመለስ፣ ስሙና ማኅተሙ ያረፈበት ይሆናል። ፈሪ ዳኛ ፊት ተበዳይን ከበዳዩ ጋር አስቁሞ «ተበድለሃል ወይ?» እንደማለት ነው።

ቋንቋውስ? በእነዚህ ከተሞች ሰው ብሶቱን በኦሮምኛና በአማርኛ ነው የሚናገረው፤ መጠይቁ ግን በእንግሊዝኛ፣ ያውም መብራትና ኔትወርክ ጠብቆ በኮምፒዩተር የሚሞላ ነው። ሰበታ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚገኝባት ከተማ ናት፤ ብዙ ምሁራንን አፍርቷል። ዓይነ ስውራንን ለሚረዳ ፕሮጀክት በብሬል ያልተዘጋጀ መጠይቅ ይዞ መሄድ ሰውን መጠየቅ ነው ወይስ መቀለድ?

ጥፋቱን ሁሉ በለጋሽ ላይ አልከምርም። የኛው ሕግም ለዓመታት ጆሮ ደፋኝ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። ሐሳቡ ሲሰሙት ደግ ነው፤ ገንዘቡ ለመኪናና ለአበል እንዳይውል። ነገር ግን በተከታዩ መመሪያ ለክትትልና ለግምገማ፣ ለመስክ ጉዞ የሚወጣው ሳይቀር በአስተዳደር ወጪ ውስጥ ተጨመረ። ሱሉልታ ወርዶ «ፕሮጀክቱ ምን ጎደለው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ እንደ ብክነት ተቆጠረ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርድም ለፕሮጀክቱ ሥራ የሚወጣውን ከአስተዳደር ወጪ ለይቶታል። ሕጉ ተሻሽሏል፤ ልማዱ ግን አልተሻሻለም። አሁንም ፕሮፖዛል ሲጻፍ ለባነር በጀት ይያዛል፤ ለመስማት አይያዝም።

መስማት ደግሞ በእነዚህ ከተሞች ቅንጦት አይደለም። የትናንቱ የእርሻ ማሳ ዛሬ ፋብሪካ፣ መጋዘን ወይም ሰፈር ሆኗል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ራሳቸው በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በእርሱ ሥር ተጠቃለዋል፤ ውል የፈረመው የከተማ አስተዳደር በዚያ ስሙ የለም። በእንዲህ ዓይነት አገር ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ዕቅድ ሳይጠየቅ ሲተገበር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል። ገበሬው መሬቱን ለቆ ጥበቃ ተቀጥሮ ሳለ ምርጥ ዘር ይዞ የሚመጣ ፕሮጀክት ቢኖር ማን ይነግረዋል? የሚነግረውማ ውሉን ይፈራል።

ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። «ጠይቀን ብንሰማ ጨምሩ ነው የሚሉን» ይላል ለጋሹ። ሲዲኤ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ኢትዮጵያን ጨምሮ በ20 አገሮች ወደ 6,000 የሚጠጉ ሰዎችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው መጽሐፍ ሌላ ነገር ይናገራል። ብዙዎቹ ያሉት «ጨምሩ» ሳይሆን «አትጣደፉ፣ አማክሩን፣ መጥታችሁ ሥራችሁን እዩት» ነው። «ገንዘቡ የኔ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል?» የሚልም አለ። የአሜሪካ ፋውንዴሽን ሀብት ሰፊ የታክስ እፎይታ የተሰጠው ለሕዝብ ጥቅም ይውላል ተብሎ ነው። የቡራዩዋ እናት ፎቶ በዓመታዊ ሪፖርቱ ሽፋን ላይ ከወጣ ደግሞ እርሳቸውም በነገሩ ድርሻ አላቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከኛው ወገን የሚመጣ ነው። «ይህ የቅሬታ ጊዜ አይደለም» ይሉኛል የድርጅት ሰዎች። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አግዶ በኋላም ዩኤስኤይድን ካፈረሰ ወዲህ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛ በትነዋል፤ የቀረው ፋውንዴሽን ስለሆነ እርሱን እንዳናስቀይም ይላሉ። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው የማየው። ገንዘብ በተትረፈረፈበት ዘመን አንድ የዶሮ ፕሮጀክት ቢከሽፍ ሌላ ይተካል። ገንዘብ በጠፋበት ዘመን የከሸፈውን እያጨበጨቡ ማስቀጠል ከሚሠራው ፕሮጀክት አፍ ላይ መንጠቅ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ለጋሾች ሆይ፣ መጠይቃችሁን እስከ መጨረሻው እጅ አውርዱት። ራሳችሁ አትጠይቁ፤ ገንዘባችሁን የሚያከፋፍለውም አይጠይቅላችሁ። ሰው በሚናገርበት ቋንቋ፣ በቃል፣ ስሙ ሳይነገር ይጠየቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰማችሁትንና የለወጣችሁትን ይዛችሁ ወደ ጠየቃችሁት ሰው ተመለሱ። አንድ ጊዜ ተጠይቆ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ ጊዜ የሚመልስላችሁ «ምንም የጎደለብን የለም» ብቻ ነው።

እናንተም የአዲስ አበባ ድርጅቶች፣ ከላያችሁ ያለው ይስማን ስትሉ ከሥራችሁ ያለውን ስሙ። የሰበታው ማኅበር እናንተን ምን ይላችኋል? የሱሉልታውስ? ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? በለጋሽ ፊት አጋር፣ በትንሹ ማኅበር ፊት ጌታ መሆን አይቻልም።

የድሮዎቹ ነገሥታት እንኳ፣ ያ ሁሉ ሠራዊትና ግብር ይዘው፣ እረኛው ያለውን ሳይሰሙ ማደር ያሰጋቸው ነበር። ከመሐል አዲስ አበባ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ያለውን እረኛ ለመስማት ከመኪና መውረድ ይበቃል፤ ባነሩ ይቅር።