ጨርቁ ከሰው፣ ንድፉ ከራስ

በአገና ገበያ ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ገዢ አስቀድሞ የሚመለከተው የጨርቁን ቀለምና ሥዕል ነው፤ ጥንካሬውን የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ተረድተው ከተጠቀሙበት መካከል የሃዋይ ደሴቶች ልብስ ሰፊዎች በምሳሌነት ሊጠቀሱ ይገባል።

የሆኖሉሉ ሰፊዎች በመጀመሪያ ሸሚዝ ይሰፉ የነበሩት ለጃፓን ኪሞኖ ከተሠራ ጨርቅ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ኤለሪ ቹን የተባለ ነጋዴ «አሎሃ» የሚለውን ስም ለሸሚዙ የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበ። ጨርቁ የባዕድ ሲሆን ስሙ የእርሱ ሆነ። ውሎ አድሮም በጃፓኑ ሥዕል ፈንታ የደሴቶቹ ዘንባባ፣ አበባና የባሕር ሞገድ ይታተም ጀመር። የዚያ ዘመን ሸሚዞች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከአዲሶቹ እጅግ በላቀ ዋጋ ይሸጣሉ።

የኢትዮጵያ ጥልፍ ዕድል ግን ከዚህ የተለየ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ጥልፍ ቀሚስ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። የዚያ ዘመን ወይዛዝርት ከለበሱት ከዚህ ዓይነቱ ጥልፍ እንደተወሰደ የሚነገረውን ሥዕል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 የሆላንዱ የቭሊስኮ ፋብሪካ ባለሙያ ቶን ቫን ደ ማናከር ለኅትመት ነደፈው። ጨርቁም በጋና «አንጀሊና» ተብሎ፣ በአሜሪካም ዳሺኪ የሚባለው ሸሚዝ ሆኖ ገበያውን ሞላው። ጥልፉን የፈጠሩት እጆች ግን በስማቸው የተመዘገበ መብት ስላልነበራቸው የትርፉ ተካፋይ ለመሆን የሚያስችላቸው አልነበረም።

አሁንም የሸማኔው ጥበብ በማሽን ታትሞ ከውጭ እየገባ በመርካቶ በርካሽ ይሸጣል። አስመጪውን ብቻ መውቀስ መፍትሔ አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአዲስ የኢንዱስትሪ ንድፍ የ5 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ይህም ሁለት ጊዜ በየ5 ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። የጥንቱ ጥለት የሁሉም ስለሆነ ማንም በግሉ ሊይዘው አይችልም፤ ከእርሱ ተነሥቶ የሚፈለሰፈው አዲስ ንድፍ ግን የፈላሚው ሀብት ነው።

ስለዚህ በሙዳይና በሰፌድ ላይ ያለውን የጉራጌ እናቶች ጌጥ መነሻ አድርጎ ለሸሚዝ የሚሆን አዲስ ሥዕል የሚያወጣ ወጣት ቢገኝ፣ የአገና ነጋዴዎች ወጪውን ተጋርተው፣ ሸሚዙ ገበያ ሳይወጣ ንድፉን በስሙ ቢያስመዘግቡለት የተገባ ነው። የሌላውን ጨርቅ ገዝቶ መስፋት ነውር የለበትም፤ የራስን ጥልፍ ከባዕድ መልሶ መግዛት ግን ኪሳራ ነው።