ኮረብታን ከወይን ጠጁ ጋር ስለ መሸጥ

በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንቴ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ላንጌ የሚባል ኮረብታማ አገር አለ። በዓለም ገበያ ዋጋቸው ከከበረው ቀይ የወይን ጠጆች አንዱ የሆነው ባሮሎ የሚጠመቀው በእነዚህ ኮረብታዎች ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዚያ አገር አንድ አዲስ ንግድ ተስፋፍቷል። እንግዳው አስጎብኚ ሳይከተለው፣ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ተከራይቶ፣ መንገዱን ከስልኩ ላይ እያነበበ፣ ከመንደር ወደ መንደር፣ ከጠማቂ ወደ ጠማቂ እየዞረ ኮረብታውን ያያል፤ ይቀምሳል፤ ይገዛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።)

ነገሩን ከሩቅ የተመለከተ ሰው የሥራ ፈት ሽርሽር ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። ለአስመጪ፣ ለላኪና ለባለሱቅ ግን ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ ነው። አንድ ሻጭ ዕቃውን በመርከብ ወደ ገዥው አገር ከመላክ ሌላ፣ ገዥውን ራሱን ወደ ዕቃው ምንጭ የሚያመጣበት ዘዴ እዚያ በግልጥ ይታያል። ይሁን እንጂ ይህን አይቶ የቀና ነጋዴ ሁሉ፣ ብስክሌት በማስመጣት ልጀምር ቢል ይሳሳታል። ብስክሌቱ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ላንጌ ከእርሱ በፊት ሃምሳ ዓመት ያህል ደክማለች።

አስቀድሞ ስለ ብስክሌቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ይህ መሣሪያ እንደ ሞተር ብስክሌት በራሱ አይሮጥም። ሞተሩ የሚያግዘው እግር ፔዳሉን ሲያዞር ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት የሞተሩ ኀይል ከ250 ዋት እንዳይበልጥ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛው እንዲቋረጥ ተወስኗል። ከዚህ ልክ ያላለፈው እንደ ተራ ብስክሌት ስለሚቈጠር መንጃ ፈቃድም ሰሌዳም አይጠየቅበትም። ክብደቱ ግን 20 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ነው። ሜዳው ላይ በኀይሉ ሲመካ ውሎ ባትሪውን የጨረሰ ሰው ዳገቱ መካከል ሲደርስ የሚገፋው ያንን ሁሉ ብረት ነው።

የአልባ ከተማ በታናሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 170 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። የባሮሎ መንደር 300 ሜትር ያህል፣ ላ ሞራ የምትባለው መንደር ደግሞ 513 ሜትር ላይ ናቸው። እንግዲህ ከባሮሎ ወደ ላ ሞራ የሚሄድ ሰው ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት። እንዲህ ያለውን ዳገት ደጋግሞ መውጣት ቀድሞ የሠለጠነ ብስክሌተኛ ሥራ ነበር። መቸም ባሮሎን ለመግዛት ኪሱ የሚችል ሰውና ዳገቱን ለመውጣት ጉልበቱ የሚችል ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። የኤሌክትሪኩ ብስክሌት ለነጋዴው ያደረገለት ትልቁ ውለታ ይህ ነው፤ ዕድሜው ስድሳ የሞላውን፣ ጡረታውን የሚበላውን፣ ከሚስቱ ጋር የሚጓዘውን ገዥ ያለ መኪና እስከ ጠማቂው በር አደረሰው።

ተጓዡ ጧት ከአልባ ሲነሣ የራስ ቍር፣ መቈለፊያ፣ ትርፍ ካላማዳሪያና ብልሽት ቢደርስ የሚደወልበት ቍጥር ይሰጠዋል። አዳሩ ሌላ መንደር ከሆነ ሻንጣውን መኪና ወደሚቀጥለው ማረፊያ ያደርስለታል። መንገዱ በግሪንዛኔ ካቩር ግንብ አጠገብ ያልፋል። ኢጣልያን አንድ መንግሥት ካደረጉት ሰዎች አንዱ የሆነው ካሚሎ ካቩር በወጣትነቱ የዚህች መንደር ከንቲባ ነበረ። ከዚያም ካስቲልዮኔ ፋሌቶ፣ ቀጥሎም ባሮሎ ይመጣል፤ በባሮሎ ግንብ ውስጥ የወይን ጠጅ ሙዚየም አለ። በላ ሞራ ቍልቍለት፣ በወይኑ ረድፍ መካከል፣ በ1999 ሁለት ሠዓሊዎች አንዱ ውጪውን፣ አንዱ ውስጡን በቀለማት ያሸበረቁት ትንሽ የጸሎት ቤት ቆሟል፤ በውስጡ ቅዳሴ ተቀድሶ የማያውቅ፣ ድሮ ለወይን ሠራተኞች ከዝናብ መጠለያነት ያገለገለ ነው። ዛሬ ብስክሌተኛው ሁሉ እዚያ ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ላ ሞራ ላይ ደርሶ ወደ ኋላው የተመለከተ ሰው እንደ ማዕበል የተደረደሩትን ኮረብታዎች፣ አየሩ በጠራ ቀንም የአልፕስን በረዶ ያያል። በየመንደሩ ቡና ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ አይብ ሻጭና የእንግዳ ማረፊያ ስላለ፣ የአንዱ ብስክሌተኛ ገንዘብ በአንድ ቀን ስድስትና ሰባት ነጋዴ ዘንድ ይደርሳል። እንግዳውን በአውቶቡስ አምጥቶ አንድ ትልቅ ምግብ ቤት አራግፎ የሚመለሰው ዐይነት ጉብኝት ይህን አያደርግም።

ከጠማቂው በር ላይ የሚሆነው ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል ይገባዋል። ብዙው ጠማቂ ቀጠሮ ተይዞ ካልሆነ አይቀበልም፤ ለማስቀመሱም ዋጋ ይጠይቃል። እንግዳው ከቀመሰ በኋላ ስድስት ጠርሙስ ልግዛ ቢል፣ ስድስት ሙሉ ጠርሙስ ስምንት ኪሎ ያህል ስለሚመዝን በብስክሌት ሊወስደው አይችልም። ጠማቂውም ካርቶኑን ወደ ቤቱ እንዲልክለት ስሙንና አድራሻውን ይቀበለዋል። ይህ አድራሻ ከስድስቱ ጠርሙስ ዋጋ ይበልጣል። በሚመጣው ዓመት አዲሱ ጠጅ ሲወጣ ደብዳቤ የሚጻፍለት ደንበኛ ተገኝቷልና። በሩቅ አገር ያለው አስመጪ ይህን ሲሰማ ገበያዬን ነጠቁኝ ይል ይሆናል። ጠማቂው በበሩ ላይ ዋጋ ሰብሮ ከሸጠ በርግጥ ተነጥቋል። ዋጋውን ከጠበቀለት ግን፣ ኮረብታውን በገዛ እግሩ የዞረ እንግዳ አገሩ ተመልሶ ያንኑ ጠጅ በስሙ እየጠራ ከአስመጪው ሱቅ ይጠይቃል።

የበሩ ሽያጭ ለጠማቂው ሌላም ጥቅም አለው። ሕጉ ባሮሎ ከኔቢዮሎ ወይን ብቻ እንዲጠመቅ፣ ከመከሩ ዓመት ኖቬምበር 1 ቀን ጀምሮ ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚህም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል እንዲቈይ ያዛል። ከሦስት ዓመት በላይ ካፒታሉ በምድር ቤት የሚተኛበት ነጋዴ፣ ከፊቱ ቆሞ ጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ገዥ ምን ማለት እንደ ሆነ ሊነገረው አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቀደመው ሥራ እንመለስ ቢባል፣ ላንጌ ሁልጊዜ እንዲህ የታደለች አልነበረችም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኮረብታው ሰው በድህነት ተገፍቶ ወደ ቱሪን ፋብሪካዎች ይፈልስ ነበር። በ1946 በአልባ የተቋቋመው የፌሬሮ ፋብሪካ፣ በዚያ ዘመን ካካዎ በመወደዱ፣ ከእነዚሁ ኮረብታዎች በሚለቀመው ኖቾላ የሚባል የለውዝ ዐይነት ጣፋጭ ይሠራ ጀመር፤ ሠራተኞቹንም በአውቶቡስ ከየመንደራቸው እያመጣ ማታ ስለሚመልሳቸው፣ ገበሬው መሬቱን ሳይለቅ ደመወዝ አገኘ። ብስክሌተኛው ዛሬ የሚያየው የተኮተኮተ ወይን የቆየው በከፊል በእነዚያ አውቶቡሶች ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና ከድህነት የከፋ ነበር። በ1986 በኢጣልያ፣ የአልኮሉን መጠን ከፍ ለማድረግ ሜታኖል የተጨመረበት ርካሽ የወይን ጠጅ ተሽጦ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የታወሩም ነበሩ። ገዥ አገሮች የኢጣልያን ወይን ጠጅ ከወደባቸው አገዱ። መርዙ ከተገኘበት ጠጅ ዋነኛው የወጣው ከባሮሎ ጋር ድንበር ከምትጋራ መንደር ስለ ነበረ፣ በንጽሕና የሚሠራው ጠማቂ ሁሉ ያላጠፋውን ጥፋት ተሸከመ። አንድ ተንኰለኛ ነጋዴ በሊትር ጥቂት ሊራ ለማትረፍ ያደረገው ነገር የአንድ አገር ላኪዎችን ስም አጠፋ።

ከዚያ በኋላ የተያዘው መንገድ መጠኑን ቀንሶ ምንጩን ማሳወቅ ነበር። መሠረቱ ቀድሞ ተጥሏል፤ ባሮሎ በ1966 በትውልድ ቦታው ስም በሕግ ተጠብቆ፣ በ1980 ወደ ከፍተኛው ደረጃ አድጎ ነበር። ሬናቶ ራቲ የተባለው የላ ሞራ ጠማቂም በሰባዎቹ ዓመታት የትኛው ተዳፋት የትኛውን ጠጅ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ካርታ አዘጋጅቶ ነበር። በ2010 ደግሞ 181 የቦታ ስሞች በሕግ ተመዘገቡ፤ እያንዳንዱም በጠርሙሱ ወረቀት ላይ ሊጻፍ ተፈቀደ። በ2014 ዩኔስኮ የላንጌን፣ የሮኤሮንና የሞንፌራቶን የወይን ኮረብታዎች በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ብስክሌተኛው በየመታጠፊያው ሰሌዳ እያነበበ፣ «ትናንት ማታ የጠጣሁት ከዚህ ተዳፋት ነው» ሊል የቻለው ይህ ሁሉ ስለ ተደረገ ነው። ስም በሌለው ኮረብታ ላይ ብስክሌት ማከራየት ይቻላል፤ ማታ የሚገዛው ነገር ግን አይኖርም።

የዚህ ንግድ ጉዳት አይነገር ማለት አይደለም። በባሮሎ የታወቀ የወይን መሬት በሄክታር ከአንድ ሚሊዮን ኤውሮ በላይ ስለሚያወጣ፣ የገበሬው ልጅ ከወንድሙ ድርሻውን ገዝቶ ሊያርስ አልቻለም፤ ገዥው ከሩቅ የመጣ ባለ ገንዘብ ነው። ደግሞም ባሮሎ ቢያንስ 13 በመቶ አልኮል ያለበት ብርቱ ጠጅ ነው። በኢጣልያ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ከ0.5 ግራም በላይ አልኮል የተገኘበት ሰው ጥፋተኛ ነው፤ ብስክሌት መንዳቱም አያድነውም። በመከር ወራት ጠባቡን መንገድ ትራክተር ይሞላዋል። ስለዚህ ብልኅ ጠማቂ ከብርጭቆው አጠገብ መትፊያ ዕቃ ያስቀምጣል፤ ብልኅ አከራይም መንገዱን ከሁለት ጠማቂ በላይ እንዳይነካ አድርጎ ያወጣል። ሦስተኛውን ለማየት የፈለገ እንግዳ ቢያድር ይሻላል፤ የማረፊያው ባለቤትም አይከፋውም።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ ከዚህ የሚቀርበው ምሳሌ የወይን ጠጅ አይደለም። በዝዋይ አጠገብ የተተከለው የካስቴል ወይን በ2014 ጠጁን ለገበያ ቢያወጣም፣ ተክሉ ያለው በሜዳ ላይ ነው። ከላንጌ ጋር የሚመሳሰለው የቡናው ኮረብታ ነው፤ ስሙም አለው። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመለከተ፤ በ2007ም ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ተስማማ። ይሁን እንጂ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ቡና በምርት ገበያው መጋዘን እየገባ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ብዙው ቡና የወጣበትን የማጠቢያ ጣቢያ ስም ገዥው ሳያውቅ ይጫን ነበር። ከ2017 ወዲህ በተደረገው ማሻሻያ ምንጩን ጠብቆ የመላክ መንገድ ሰፍቷል። በላንጌ ሰማንያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቢኬድ የዚያ ዐይነት መቀላቀል ነበር፤ ነጋዴው የየተዳፋቱን ወይን ገዝቶ በአንድ በርሜል ይጨምረው ነበር።

ቡና በሚለቀምበት ወራት ከጃፓን ወይም ከጀርመን የመጣ ቆይ እስቲ ልየው የሚል ቡና ወዳጅ፣ ይርጋ ጨፌ ደርሶ ወደ ኮረብታው ቢወጣ፣ ሱቅ ውስጥ በከረጢት ላይ ያነበበውን ስም በመንገድ ዳር በሰሌዳ ተጽፎ ሊያገኘው ይገባል። ያንን ቡና ፈልቶ በሲኒ ሊቀምሰው፣ ለመቅመሱም የተቈረጠ ዋጋ ከፍሎ ደረሰኝ ሊቀበል፣ አድራሻውንም በመዝገብ አስፍሮ ትእዛዙ ፈቃድ ላለው ላኪ ሊተላለፍለት ይገባል። ይህን ለማሰናዳት ላኪውና የማጠቢያ ጣቢያው ባለቤት ተነጋግረው አንድ ሰሌዳ፣ አንድ መዝገብና ጀበና የምትጥድ አንዲት ሴት ማግኘት አለባቸው። የከተማው ፔንሲዮን ባለቤትም ስንት አልጋ እንዳለው ቢያስታውቃቸው ደግ ነው። ብስክሌት የማስመጣቱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ሊመከርበት ይችላል።