ችግኙ ተተከለ፤ አትክልተኛውስ የት ይማራል?

ከአዋሽ ተነስቶ በአሰቦትና በሚኤሶ በኩል ወደ ሐረርጌ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ አሰበ ተፈሪ ሲደርስ አየሩ መለወጡን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ሚኤሶ ላይ አውልቆ የያዘውን ኮት ጭሮ ላይ መልሶ ይለብሰዋል። በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን የአንድ ሰዓት እንኳ አይሆንም። ታዲያ በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ቆላውም ወይና ደጋውም የየራሱ አፈር፣ የየራሱ ዝናብና የየራሱ ዛፍ ሲኖረው፣ በየከተማው አደባባይና በየመንገዱ ዳር የሚተከለው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሐምሌ ላይ ይተከላል፤ ጥር ላይ ይደርቃል፤ በሚቀጥለው ሐምሌ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ ይገባል።

አበው “ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው” ይላሉ። የእኛ ከተሞች አረንጓዴ ልማት ትልቁ ችግር የችግኝ ወይም የዘመቻ እጥረት አይደለም። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነግሯል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ወደ ክልል ከተሞች ተዛምቶ የእግረኛ መንገድ፣ የመንገድ አካፋይ፣ ፋውንቴንና ሣር የከተማ አስተዳደሮች የዘወትር ቋንቋ ሆነዋል። የጎደለው ሠሪው ነው። ለመሆኑ ይህንን ሁሉ ሣርና ዛፍ ከምረቃው ማግስት ጀምሮ የሚይዘው ማነው? ሙያውንስ ከማን ተማረ?

ከፕላን የተወለደች ከተማ

ጥያቄው በአሰበ ተፈሪ ሲነሳ የተለየ ክብደት አለው። ከተማዋ በዘፈቀደ የበቀለች አይደለችም። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ከዚያ ቀደም ብለው ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ለሌላው አገር አርአያ እንድትሆን አስበው የመሠረቷት ከተማ ነች። ሩሲያ የተማሩት እኚህ ሰው መንገድ ከመቀየስና ጽሕፈት ቤት ከማቋቋም አልፈው ለእርሻ ሙያም ትልቅ ትኩረት ነበራቸው። ከተማ ማለት ቤት መደርደር ብቻ እንዳልሆነ የገባቸው ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው ማለት ነው።

ወደ ምሥራቅ ወረድ ብሎም ሌላ ምስክር አለ። በድሬዳዋ የምድር ባቡር ኩባንያ ካወረሳቸው ነገሮች አንዱ የከዚራ ጥላ ነው። በዚያ ሐሩር ውስጥ ሰው ተረጋግቶ የሚሄድባቸው ጎዳናዎች የተገኙት ዛፍ ስለተተከለ ብቻ ሳይሆን የተተከለውን ዓመት ከዓመት የሚያጠጣ፣ የሚገርዝና የሚተካ ሰው ስለነበረ ነው። የምድር ባቡር ወርክሾፕም ለብዙ የድሬዳዋ ልጆች መካኒክነትንና ብየዳን ከባለሙያ ጎን ቆመው የቀሰሙበት ቦታ ሆኖ አገልግሏል። ምሥራቁ የአገራችን ክፍል “እጅ በእጅ” የሚሰጥ ትምህርትን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ሙያው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው “ላንድስኬፒንግ” ሲባል የሚታየው አበባ በአጥር ዳር ነው። አትክልተኛ ሲባል ደግሞ የሚታየው ጎማ ቱቦ የያዘ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ ነው። የሙያው ንቀት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በመሠረቱ የመሬት ገጽታ ሥራ ከሁሉ በፊት የውሃ ሥራ ነው። ዝናቡ ከየት መጥቶ በየት ይሄዳል? የትኛው ውሃ ወደ ሥር ይሰርጋል፣ የትኛውስ በቦይ ይሸኛል? ግቢው ወደ ቤቱ መሠረት ነው የሚያዘነብለው ወይስ ከመሠረቱ ይርቃል? በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከላይኛው ደጋ የወረደው ጎርፍ ድሬዳዋ ላይ በደቻቱ በኩል ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ተዳፋትን ያለ ሽፋን መተው ምን እንደሚያስከፍል አገር አይቷል። ጭሮም በተራሮች መካከል የተቀመጠች ከተማ ነች። እዚህ የሚያስፈልገው አትክልተኛ አበባ የሚደረድር ብቻ ሳይሆን እርከን የሚያበጅ፣ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ የሚክብ፣ ሣር በተዳፋት ላይ የሚያስይዝ ሰው ነው።

ሁለተኛው የዕፅዋት ዕውቀት ነው። ይህ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ችግኝ ከነላስቲኩ ከተቀበረ ሥሩ ተጠምዝዞ እንደሚታነቅ፣ ጠልቆ ከተተከለ ግንዱ እንደሚበሰብስ፣ ጉድጓዱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ተቆፍሮ አፈሩ መተንፈስ እንዳለበት ተማሪው አንዴ በጆሮው ቢሰማ ይረሳዋል። አሥር ችግኝ በእጁ ሞቶበት፣ አሥራ አንደኛው ሲድን ያየ ግን አይረሳም። ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር ረጅም ዛፍ፣ ከቤት መሠረት አጠገብ ውሃ የሚጠጣ ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ስህተቱ የሚታየው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዘመቻውን የመራው ኃላፊ ሌላ ወንበር ላይ ነው።

የስህተቱ ዋጋ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የሚኤሶና የአዋሽ ሰው ጠንቅቆ ያውቃል። ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ከአሥርት ዓመታት በፊት ወደ አገር የገባው ፕሮሶፒስ ዛሬ በአፋርና በአካባቢው ቆላ የግጦሽ መሬትን የዋጠ ወራሪ ሆኗል። በሐረርጌ መንገዶች ዳር የሚታየው፣ ገበሬው “ፈረምሲሳ” የሚለው አረምም ሳይታወቅ ገብቶ ሳይታወቅ የተስፋፋ ነው። ምን መትከል እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ጠቃሚ ነው። ምን መትከል እንደሌለበት የሚያውቅ ግን ከዚያም ይበልጣል።

ከኮብልስቶን የቀረ ትምህርት

ይህ ሁሉ በአገራችን ያልተሞከረ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተስፋፋው የኮብልስቶን ሥራ በመሠረቱ የሙያ መልመድ ፕሮግራም ነበር። ድንጋይ ጠራቢውም ሆነ አንጣፊው ብዙ ቀን ክፍል ውስጥ አልተቀመጠም። መዶሻ ይዞ ከሚያውቅ ሰው ጎን ተንበረከከ፤ ከዚያም በሠራው መጠን ተከፈለው። ዲግሪ ያላቸው ወጣቶች ድንጋይ ማንጠፍ መጀመራቸው ያን ጊዜ ብዙ ክርክር ቢያስነሳም፣ ሥራው እስከ ትንንሽ ከተሞች ዘልቆ ብዙ እጅ አሠልጥኗል።

ይሁን እንጂ ኮብልስቶን አንድ ድክመት ነበረው። መንገዱ ከተነጠፈ ሥራው አለቀ። በጀት ሲጠፋ ማኅበሩ ይበተናል፤ ጠራቢው ወደ ቀን ሥራ ይመለሳል። የአረንጓዴ ሥራ ተፈጥሮው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሥራው የሚጀምረው ተከላው ካለቀ በኋላ ነው። በጋ ያጠጡታል፣ በልግ ያርሙታል፣ ክረምት ይተኩታል፣ በመስከረም ይገርዙታል። በሌላ አነጋገር፣ የማያልቅ የሥራ ዕድል ነው፤ ግን የእንክብካቤ በጀት የሚይዝለት ካለ።

ሲንጋፖር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ሊ ኳን ዩ ከተማቸውን “የአትክልት ከተማ” ለማድረግ የወጠኑት እ.ኤ.አ. በ1967 ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1972 የጌጥ ዕፅዋት ሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ችግኙን የሚይዝ ሰው ማፍራት የዕቅዱ አካል እንጂ የኋላ ሐሳብ አልነበረም። እኛ ግን የመጀመሪያውን አጥብቀን ይዘን ሁለተኛውን ዘንግተናል።

70 በ30 በትንሽ ከተማ

በወረቀት ላይ መንገዱ ክፍት ነው። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 391፣ በኋላም በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 954 ተደንግጓል። ተማሪዎች “አፓረንትሺፕ” የሚሉት የትብብር ሥልጠናም በተለምዶ 70 በ30 በሚባለው ስሌት ይታወቃል። ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን በድርጅት ውስጥ በተግባር፣ ቀሪውን በማሠልጠኛ ተቋም ያሳልፋል ማለት ነው።

ስሌቱ ፋብሪካ ላለው ከተማ የተሰፋ ልብስ ነው። በአዲስ አበባ ወይም በአዳማ ሠልጣኝ የሚቀበል ድርጅት ይገኛል። በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ ወይም በገለምሶ የመሬት ገጽታ ሠልጣኝ የሚላክበት ኩባንያ የት አለ? ድርጅት በሌለበት 70 በመቶው ወይ በክፍል ውስጥ ያልቃል፣ ወይ በወረቀት ላይ ይሞላል። ተማሪው ደብዳቤ ይዞ ይዞራል፤ ማኅተም ያስመታል፤ ይመለሳል።

እርግጥ ነው፣ “ድርጅት የለም” ማለት “መምህር የለም” ማለት አይደለም። የጨርጨር ገበሬ ቡናን በጥላ ሥር፣ ጫትን በእርከን ላይ ሲያለማ የኖረ ነው። ቡቃያ ከእናት ተክሉ ነጥሎ ማጽደቅ፣ የዝናብን ውሃ አዙሮ ወደ ማሳ ማስገባት፣ ተዳፋትን በድንጋይ መያዝ ለእሱ አዲስ አይደለም። የአገሬው ሰው ለኦዳ ዛፍ ያለው ክብርም የታወቀ ነው። የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የሆነው ኦዳ ቡልቱም ስሙን ለወረዳም ለዩኒቨርሲቲም ሰጥቷል። ዕውቀቱ አለ፤ ከማሳው ወደ ከተማው የሚያሻግረው ድልድይ ነው የሌለው።

ለማጅ ወይስ ርካሽ ጉልበት?

እዚህ ላይ አንድ ስጋት መነሳቱ አይቀርም። የሙያ መልመድ በአገራችን መጥፎ ስምም አለው። ጋራዥ የገባ ልጅ ለዓመታት ጎማ ሲያጥብና ሻይ ሲያመላልስ እንደሚከርም ሁሉ፣ አትክልት ቦታ የገባ ለማጅም ውሃ ሲሸከም ከርሞ ሊወጣ ይችላል። ይህ ሥልጠና ሳይሆን ነፃ ጉልበት ነው።

ሕጉ ግን ለዚህ መልስ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ መልመድ ውል ራሱን የቻለ ክፍል ይዟል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ ለለማጁ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ በውሉ ይገለጻል። አሠሪው ለማጁን ከሙያው ጋር በማይገናኝና ለሥልጠናው በማይረዳ ሥራ ላይ ማሰማራት አይችልም። ውሉ ሲያበቃም የሠለጠነበትን ሙያና ጊዜ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ጥቂት አንቀጾች ናቸው፤ ግን በሥራ ላይ ቢውሉ በተሸካሚና በለማጅ መካከል ያለውን ልዩነት ያሰምሩታል። የሚያሳዝነው ይህንን ውል ጽፎ የሚፈርም አሠሪ በትንንሽ ከተሞች ማግኘት ብርቅ መሆኑ ነው።

ጉዳዩ ተራ የውበት ጉዳይ እንዳይመስለን። የምዕራብ ሐረርጌ ወጣት ፊት ለፊቱ የሚታዩት መንገዶች ጥቂት ናቸው። አንዱ ከጫት ጋር የተያያዘ ንግድና የጉልበት ሥራ ነው፤ ገበያው ዛሬ ሲደራ ነገ የሚዘጋ። ሌላው በምሥራቁ መስመር በጅቡቲ ወይም በሶማሊላንድ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ወደ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ የሚያደርሰው አደገኛ ጉዞ ነው። በአገሩ፣ በአፈሩ፣ አባቱ በሚያውቀው ዕፅዋት ላይ የተመሠረተ ባለ ወረቀት ሙያ ሦስተኛ መንገድ ሊሆን ይችላል። ብቻውን ስደትን ያቆማል ማለት የዋህነት ነው፤ ግን አንድ ወጣት “ሥራዬ ይህ ነው” ብሎ የሚናገርለት ነገር መኖሩ ቀላል አይደለም።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ኩባንያ በሌለበት አሠሪው ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ መሆን አለበት። የከተማው ችግኝ ጣቢያ የችግኝ ማምረቻ ብቻ ሳይሆን የሥልጠና ቦታ ይሁን። ጥቂት ለማጆች በጽሑፍ ውል ተቀብሎ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ያቆያቸው። አንድ ዓመት የሚባለው በምክንያት ነው፤ በጋውን፣ በልጉንና ክረምቱን ያላየ ሰው አትክልተኛ አይባልም። የሦስት ወር ሥልጠና የሚያስተምረው መትከልን እንጂ ማጽደቅን አይደለም።

ሁለተኛ፣ የመናፈሻና የመንገድ ዳር ተከላ ጨረታ ሲወጣ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንክብካቤ በውሉ ይካተት። ክፍያው በተተከለው ሳይሆን በጸደቀው ቁጥር ይሁን። ተቋራጩ ለማጅ የመቀበል ግዴታም ይኑረው። ኮንትራክተር የደረቀ ዛፍ ከኪሱ የሚያስወጣው ከሆነ ባለሙያ መፈለጉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሙያው ዋጋ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ በጭሮ መኖሩ ትልቅ ዕድል ነው። የትኛው ዛፍ ለሚኤሶ፣ የትኛው ለሂርና እንደሚስማማ በየከተማው የሙከራ ቦታ አይቶ መናገር ከዩኒቨርሲቲ የሚጠበቅ ነው። ሰፊው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ራሱ ለለማጆች የተዘጋጀ ክፍል ነው።

አራተኛ፣ በሆቴል፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢዎች ዕድሜያቸውን በአትክልት ሥራ ያሳለፉ ሰዎች በሙያ ብቃት ምዘና ተፈትነው ወረቀት ያግኙ። ወረቀት ያገኘ አትክልተኛ ለማጅ የማሠልጠን መብትና አበል ቢያገኝ፣ የትንሽ ከተማ የመምህር ችግር በግማሽ ይቃለላል።

“ውሃ በሌለበት ከተማ ምን አትክልት?” የሚል ተቃውሞ እንደሚኖር ይታወቃል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለቤት የሚጠጣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቦታ ሣር በቦቴ ማጠጣት ነውር ነው። ነገር ግን ይህ ለሙያው የሚከራከር እንጂ በሙያው ላይ የሚቀርብ ክስ አይደለም። ውሃ የሚያባክነው ሣር የሚተከለው ሌላ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። የሠለጠነ አትክልተኛ ደረቅ የሚችል የአገር ዛፍ ይመርጣል፤ ሥሩን በጉዝጓዝ ይሸፍናል፤ የጣሪያና የመንገድ ጎርፍ ወደ ጉድጓዱ እንዲገባ ያደርጋል።

መጪው ሐምሌ ሲደርስ በየከተማው አካፋና ዶማ የያዘ ሰው ይሰለፋል። ካሜራውም ይመጣል። ሰልፉ ሲበተን፣ ጥር ላይ፣ ያንን ችግኝ ሄዶ የሚያየው ሰው ስሙ ማነው? ደመወዙስ ከየት ነው? ይህንን ጥያቄ በቅድሚያ የሚመልስ ከተማ ዛፉንም፣ ወጣቱንም አያጣም።