ሰውዬው ምን አሉ?

ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት፣ በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ፣ ከስድስት ፈረንጆች ጋር ከወልድያ ወደ ሐይቅ ወርጄ ነበር። የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ጉብኝት ነው። ወረቀቱ «ተፈጥሮ፣ እርሻና ጥንታዊ ገዳም» ይላል። አስጎብኚው ትሑት ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛው የእኔን ያስንቃል።

ሀብሩ ውስጥ፣ መርሳ ሳንደርስ፣ መኪናው ቆመ። ማሽላው ደርሷል። አንድ አዛውንት ከማማቸው ወርደው ወንጭፋቸውን እንደያዙ መጡ። ካሜራው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ሽማግሌው ተናገሩ፤ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ መውጣቱን፣ የማዳበሪያውን ዕዳ፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ የሄደው ልጃቸው ድምፁ ከጠፋ ዓመት ማለፉን። በመጨረሻም «እነዚህ እንግዶች በዚያ የሚያልፉ ከሆነ ይጠይቁልኝ ይሆን?» አሉ።

«ምን አሉ?» አለች አንዷ ፈረንጅ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የሚሉት» አላት ልጁ።

ፈገግ ብላ ፎቶ አነሳች። ሄድን።

ውጫሌ ስንደርስ ያው ልጅ ድምፁን ሞረድ አድርጎ ታሪክ ጀመረ። በ1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ስለተፈረመው ውል፣ ስለ አንቀጽ 17፣ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሆነው በጣሊያንኛው ግዴታ ስለመሆኑ፣ ጉዳዩም በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በደም ስለመቋጨቱ። ፈረንጆቹ አንዲት ቃል እንዲህ መጣመሟ ገርሟቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን የመርሳው ትርጉም ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሯል።

ጠጋ ብዬ ወቀስኩት። «ጋሼ፣ ሰዉ ሊዝናና ነው የመጣው፤ ሐዘን ልሽጥለት?» አለኝ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ደረስን። ጥንት ደሴት የነበረ፣ ዛሬ ከየብስ የተያያዘ ገዳም ነው። ሴቶች እንደማይገቡ አስቀድሞ የነገራቸው ስለሌለ ሴቶቹ በር ላይ ቀሩ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለዓመታት የተማሩበት ቦታ ነው። ያኔ እንግዳ ሊማር ይመጣና ይቀመጥ ነበር። እኛ አርባ ደቂቃ ቆየን።

ልጁን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው። እንዲህ ያለማመደው ገበያው ነው። እኔም እንግሊዝኛ የማውቅ ሰው፣ የሽማግሌውን ጥያቄ አድርሼላቸው ነበር እንዴ? አፌን ይዤ ተቀመጥኩ እንጂ!

ደግሞስ ይህ ሕዝብ አዲስ አይደለም ለካሜራ። በ1977 ዓ.ም. ዓለም ወሎን በኮረም የረሃብ ምስል አወቀው። ያኔ ሰዉ አፅም ሆኖ ታየ፤ በእኛ ጉብኝት ደግሞ የማሽላ ማሳ ጌጥ ሆኖ ታየ። ምስሉ ከረሃብ ወደ ልምላሜ ተቀየረ፤ ምን እንዳለ ግን አሁንም የጠየቀለት የለም። ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ጉብኝት?

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ደረሰ፤ በ2015 መጨረሻ ደግሞ ሌላ ግጭት ተከተለ። ሰላም ሲወርድ ወረቀቶቹ እንደገና ይታተማሉ። ያን ጊዜ አስጎብኚው የሀብሩ ልጅ ይሁን። መርሳ ላይ መኪናው ለፎቶ ብቻ ሳይሆን ለምሳም ይቁም። ገበሬው ለማሳው ድርሻውን ያግኝ። ከሁሉ በፊት ግን የተናገረው ሳይቆረጥ ይተርጎምለት።

እንግዳዋ እኮ «ምን አሉ?» ብላ ጠይቃ ነበር። መልሱን የነፈግናት እኛ ነን።