ውድ ደብተር፣ ባዶ ገጽ

ካዛንቺስ መፍረስ ከመጀመሩ በፊት አንድ ደህና የሥዕል ደብተር ገዛሁ። ወረቀቱ ወፍራም፣ ሽፋኑ ጠንካራ። ዋጋውን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም። ሐሳቤ ሰፈሬን መሳል ነበር፤ የቆርቆሮ አጥሩን፣ የጓሮ በሩን፣ ለሰፈሩ ስም የሰጡትን የጣሊያን «ካዛ ኢንቺስ» የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ርዝራዥ።

አንድም መስመር አላሰመርኩም። ወረቀቱ ውድ፣ እጄ ያልተማረ። «ትንሽ ልለማመድና» እያልኩ ቀን ገፋሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ፈረሰ። ደብተሩ ነጭ እንደሆነ ይዤው ወደ ቡልጋሪያ ገባሁ።

ስለዚህ በቁጭት ነው የምናገረው፦ «ጥሩ ዕቃ ከሌለህ አትሳል» የሚለው ምክር ሰው ያስፈራራል እንጂ ሠዓሊ አያወጣም። ጥሩ የሥዕል ወረቀት ከውጭ ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ 100ን ተሻግሯል። ልጆቻችን እርሳስ ለመጨበጥ የምንዛሪ ተመን ይጠብቁ?

ለመሆኑ ደብተር መሥራት ከመቼ ወዲህ ነው የጠፋብን? የጥንት ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን ከጥላሸት በጥብጦ፣ ጥራዙን በሁለት የእንጨት ገበታ መሐል ይሰፋ ነበር። እኛ የእሱ ልጆች ነን ባዮች አንድ ደብተር መስፋት አቃተን። ጥራዝ ነጠቅ ከመሆን ጥራዝ ሰፊ መሆን ይሻላል።

ሥራው ቀላል ነው። 20 ሉህ ኤ4 ወረቀት አምስት አምስት አድርጋችሁ እጠፉ፤ አራት ጥራዝ ይወጣል። የቢሮ ወረቀት፣ ከማተሚያ ቤት የተረፈ ብጣሽ፣ አንድ ጎኑ የታተመበትም ይሁን። እጥፋቱን በወስፌ ብሱ፣ በሻማ ባሻችሁት ክር ስፉ፣ ጥራዞቹን እርስ በርስ አያይዙ። ከካርቶን ሽፋን ቆርጣችሁ በኮላ ለጥፉ። 80 ገጽ አገኛችሁ።

«ርካሽ ወረቀት ቶሎ ይቢጫል፤ ውኃ ቀለምም አይችልም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ሊሸጥ፣ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል የታሰበ ሥራ ጥሩ ወረቀት ይገባዋል። ይሄ ግን የመሳሳቻ ቦታ ነው። እኔ ከሰፋሁት የመጀመሪያ ደብተር ሰባው ገጽ ያስቀይማል። አሥሩ ግን ቡልጋሪያን ይመስላል። በውዱ ደብተር ያ አሥር ገጽ አልነበረኝም።

«ፎቶ አለ አይደል?» የሚልም አይጠፋም። ፎቶ እያለፍክ ትነሳለህ። በር ለመሳል ግን አሥር ደቂቃ መቆም አለብህ፤ በዚያ መሐል ባለቤቱ ወጥተው «ምን ፈልገህ ነው?» ይሉሃል። ቤቱን ማን እንደሠራው፣ ማን እንደተወለደበት የምትሰማው ያኔ ነው። በጋዜጠኝነቴ መቅረጸ ድምፅ ደቅኜ ያላገኘሁትን ወሬ በእርሳስ አግኝቻለሁ።

ያን ውድ ደብተር በቅርቡ ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት። ዋጋውን አልነገርኩትም። እዚያው ቆሜ እያለሁ የመጀመሪያውን ገጽ ኳስ ሳለበት።

ሰፈራችሁ ነገ ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም። ዛሬ ማታ 20 ሉህ እጠፉ። ነገ ከበራችሁ ጀምሩ።